ያልገባውን ያጠፋው ባልደረባዬ

ጳውሎስ አካባቢ አንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት ነው የምሠራው። ጠዋት ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ የምርመራ ውጤቶቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ አልነሳም አለ። ውጤት ጠባቂው መስኮቱን ሞልቶታል። የሰርቨሩን የማስተካከያ ፋይል ከፍቼ ባየው፣ ሰርቨሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ለዳታቤዙ በቂ የጋራ ሜሞሪ እንዲፈቅድለት የጻፍኩት መስመር የለም! "ማነው የነካው?" ብዬ ጮህኩ። ባልደረባዬ ቢኒያም፣ "እኔ ነኝ፤ ፋይሉን ሳጸዳ ያልገባኝን አጠፋሁት" አይለኝም! ደሜ ፈላ። "ያልገባህን ትጠይቃለህ እንጂ ታጠፋለህ?"

መስመሩን መልሼ ጽፌ ሥራ ላይ ሳውለው ዳታቤዙ ወዲያው ተነሳ። ክንዱን ይዤ መስኮቱ ጋ ወሰድኩትና ከማለዳ ጀምሮ ለቆሙ አንዲት እናት፣ "እማማ፣ ለምን እንደዘገየ እሱ ይንገርዎት" አልኳቸው። እሳቸው ውጤቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ "እኔማ ክፉ በሽታ አግኝታችሁብኝ የደበቃችሁኝ መስሎኝ፣ ለልጆቼ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ ነበር" አሉት። ቢኒያም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን እስካሁን እበግናለሁ።