ስም ያላወጣሁላት ውሻ

እናንተዬ፣ ያቺ ነጭ ጸጉራም ውሻ ዛሬም ትናፍቀኛለች። ጀውሃ ከተማ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ምግብ ቤት ደጅ ተጥላ ነው ያገኘኋት፤ ቁመቷ ከድመት አይበልጥም። የሚወስዳት ሰው እስኪገኝ ብዬ ሸዋ ሮቢት ቤቴ አመጣኋት። ጋሼ ሰይድ የሚባሉ የቀወት ገበሬ፣ ማሽላቸውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ውሻ ፈልገው መጡና ሲያዩዋት ሳቃቸው መጣ። «ያ አላህ! ይቺንማ እኔው ልጠብቃት ነው!» ብለው ሄዱ። ሙቀቱም አልስማማት አለ፤ ቀኑን ሙሉ እንስራው አጠገብ እርጥብ መሬት ላይ ተዘርግታ ታለከልካለች።

በኋላ እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ልጆቻቸው አግብተው የወጡላቸው ሴት ሰምተው ከደብረ ሲና መጡ። ያቺ ሰው የማትቀርብ ውሻ ቀጥ ብላ ሄዳ እግራቸው ሥር ተኛች።

«ስሟ ማነው?» አሉኝ።

«አላወጣሁላትም። ስም ካወጣሁላት መስጠት ያቅተኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እንግዲያውስ አሁን አውጪላት፤ እኔም በዚያው እጠራታለሁ» አሉኝ።

«ሮቢት» አልኩ፤ እንባዬ ግን ቀደመኝ። እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና አቅፈዋት ሚኒባስ ገቡ።

አልፎ አልፎ እየደወሉ፣ «ሮቢትዬ ብርዱ ተስማምቷታል፤ ወፍራለች» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ግን እስከ ዛሬ የቤቴን በር የምከፍተው ቀስ ብዬ ነው፤ ከበሩ ሥር የተኛች እየመሰለኝ።