ቀንድ አውጣዋ ምጥ ላይ ሳለች

(እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ። ወይዘሮ የሺመቤት የክት ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል፤ ልጃቸው ምንታምር ነጭ ጋዋን ለብሳ አንድ የመስታወት ገንዳ ላይ አጎንብሳለች።)

የሺመቤት፦ ሽማግሌ ሳሎን ተቀምጦ አንቺ እዚህ ቀንድ አውጣ ትጠብቂያለሽ? ተነሺ ብያለሁ!

ምንታምር፦ እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ትደነግጣለች።

የሺመቤት፦ ማን?

ምንታምር፦ እሷ።

የሺመቤት፦ የደነገጥኩትስ እኔ ነኝ! ኢንጂነሩ የተከበሩ ሰዎች ልኮ፣ አባትሽ ሻምበል ከረባት አስሮ፣ "ልጅቷስ?" ሲሉን ምን እንበል? "ዛጎል የሌላት ቀንድ አውጣ ጋ ናት" እንበል?

ምንታምር፦ "የባሕር" የሚል ብትጨምሩበት ይሻላል።

የሺመቤት፦ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ! ነይ፣ ቀሚስሽን ይዤልሻለሁ። ገብተሽ "ፈቅደሻል ወይ?" ስትባዪ አንገትሽን ደፋ አድርገሽ ትወጫለሽ። ከዚያ ወደ ጉድሽ ተመለሺ።

ምንታምር፦ አልችልም። መርፌ ወግቻታለሁ።

የሺመቤት፦ የምን መርፌ?

ምንታምር፦ ሆርሞን። እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ከገዛ ነርቮቿ የሚወጣ ነው። አሁን የደሟን መንገድ እየቀየረው ነው። ሳላይ ካመለጠኝ የመመረቂያ ጥናቴ አበቃለት። ሌላ ቀንድ አውጣ የለኝም።

የሺመቤት፦ የምጥ መርፌ ነው በዪኛ።

ምንታምር፦ እ... አዎ፣ እንደዚያ በይው።

የሺመቤት፦ ታዲያ ባሏ የት ሄዶ ነው አንቺ የምትጠብቂያት?

ምንታምር፦ ባል የላትም። ማለቴ፣ እሷ ራሷ ወንድም ናት፣ ሴትም ናት።

የሺመቤት፦ በስመ አብ! ታዲያ ሽማግሌ የሚልከው የትኛው ነው?

ምንታምር፦ አይላላኩም።

የሺመቤት፦ ስድ አደግ!

ምንታምር፦ እማዬ፣ ስክሪኑን እዪው። ሦስት መስመር ይታይሻል? የላይኛው ወደ ጭንቅላቷና ወደ አፏ የሚሄደው ደም ነው። መሐለኛው ወደ ሆዷ። የታችኛው እንቁላሏ ወዳለበት።

የሺመቤት፦ የላይኛው ወደቀ! ሞተች?

ምንታምር፦ አልሞተችም። ሆርሞኑ ያንን ቧንቧ አጠበበው። ቀጥሎ የሆዷንም ያጠብበዋል። ልቧ ደግሞ በርትቶ ይመታል። ስለዚህ ደሙ በተከፈተለት መንገድ ወደ እንቁላሉ ይሄዳል።

የሺመቤት፦ ለዚህ ነዋ እህል የዘጋችው! ያ ጎመን የመሰለ ነገር አፍንጫዋ ሥር ተቀምጦ ዞር ብላም አላየችው።

ምንታምር፦ አዎ። አሁን አትበላም፣ አትንቀሳቀስም።

የሺመቤት፦ እኔም አንቺን ስወልድ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎኝ ነበር፣ የኔ እናት! ቅቤ የት አለ?

ምንታምር፦ የምን ቅቤ?

የሺመቤት፦ ለአናቷ ነዋ! ደም ከራሷ ሸሸ እያልሽኝ አናቷን በደረቁ ትተዪዋለሽ? ግን... አናቷ በየት በኩል ነው?

ምንታምር፦ ጆሮ የሚመስሉት ያሉበት። እማዬ፣ ቅቤ አይገባም! ትታፈናለች!

የሺመቤት፦ እሺ፣ እሺ። ወላድ ጋ ባዶ እጄን መቆም አልለመድኩማ። ለመሆኑ ከየት አመጣችኋት? ከለገዳዲ አይመስለኝም።

ምንታምር፦ ከጅቡቲ። በፊት በአውሮፕላን ያስመጣናቸው በሙሉ ሞቱብን። ይቺ በተሳቢ ነው የመጣችው።

የሺመቤት፦ ቀንድ አውጣ በተሳቢ?

ምንታምር፦ አስናቀ ነው ያመጣት። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ጀሪካኑን ከጎኑ ወንበር ላይ አስሮ፣ በረሃው ላይ የራሱን ጋቢ ውሃ ውስጥ እየነከረ ሲያለብሳት፣ በቆመ ቁጥር በጎማ መንፊያ አየር ሲነፋላት... ኬላ ላይ "ምንድን ናት?" ሲሉት፣ "ነፍሰ ጡር ናት፣ አታስጨንቋት" አላቸው አሉ።

የሺመቤት፦ አሉ? ማን ነገረሽ?

ምንታምር፦ ራሱ። ይደውላል... ደህንነቷን ለመጠየቅ።

የሺመቤት፦ የቀንድ አውጣዋን ደህንነት።

ምንታምር፦ አዎ።

የሺመቤት፦ በየስንት ጊዜው?

ምንታምር፦ ማታ ማታ።

የሺመቤት፦ እስቲ ቀና በይ። ኢንጂነሩ።

ምንታምር፦ ምን ሆነ?

የሺመቤት፦ ዝም በይ፣ የፊትሽን ደም እየለካሁ ነው። ኢንጂነሩ... አመድ መሰልሽ። አስናቀ... ይኸው! በርበሬ! ስክሪንም አላስፈለገኝ።

ምንታምር፦ እማዬ፣ ተይ በናትሽ!

የሺመቤት፦ አንቺ ልጅ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ዝም ስትዪ እሺ ማለትሽ መስሎኝ ለሻምበል "ተስማምታለች" አልኩት እኮ!

ምንታምር፦ ልናገር ስል አፌ ይደርቃል።

የሺመቤት፦ ያንቺም የላይኛው ቧንቧ ተዘግቷላ!

ምንታምር፦ እማዬ... ጀመረች!

የሺመቤት፦ ማርያም ማርያም! የታል? ውይ፣ ቢጫ ፓስታ ነው እኮ!

ምንታምር፦ የእንቁላል ክር ነው። እዚህች ክር ውስጥ ስንት ሺህ እንቁላል አለ መሰለሽ።

የሺመቤት፦ እኔ የማውቀው እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ሲሄድ ነው። ይሄ ተጎልጉሎ መጣ! ጭንቅላቷን ምን ሆና ነው የምትወዘውዘው?

ምንታምር፦ ክሩን እያጣጠፈች ድንጋዩ ላይ ልትለጥፈው ነው።

የሺመቤት፦ እኔ እስክስታ መስሎኝ። በይ እልል ልበል። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት... ለሁለቱም ለሆነ ስንት ነው?

ምንታምር፦ ትደነግጣለች አልኩሽ!

የሺመቤት፦ አሥሩንም በሹክሹክታ እላታለሁ። እልልልል... እልልልል...

ምንታምር፦ ስልክሽ እየጠራ ነው።

የሺመቤት፦ ሻምበል ነው። መልስ ሊሰጣቸው ሲል ነው የሚሆነው። ምን ልበለው?

ምንታምር፦ ቆይ፣ ስክሪኑን ልየው።

የሺመቤት፦ ምንታምር! ሊዘጋው ነው። እኔ ካንቺ ሳልሰማ አልናገርልሽም።

ምንታምር፦ እኔማ...

የሺመቤት፦ ቧንቧውን ክፈቺው!

ምንታምር፦ ኢንጂነሩን አልፈልግም!

የሺመቤት፦ ወላድ በድባብ ትሂድ! ሄሎ፣ ሻምበል? ስማኝ፣ መልስ እንዳትሰጥ። "ዘመድ እናማክር" በልና በክብር ሸኛቸው። ...አንመጣም። ምጥ ተይዞ ነው። ምጥ የያዛትን ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ...ኧረ እሷ አይደለችም! ቀንድ አውጣ ናት። ...የባሕር። ...አልጠጣሁም፣ ሻምበል! ...ልጅህማ ደህና ናት። ደሟ ወደ አፏ ተመለሰ። ቻው። በይ አሁን ንገሪኝ።

ምንታምር፦ ምኑን?

የሺመቤት፦ ያ ሹፌርሽ ሽማግሌ ይልካል፣ ወይስ እሱም እንደዚች አይላላክም?