ላልሞተች ልጅ የተሰጠ ማጽናኛ

አዛውንቱ የሥነ ልቦና አማካሪ የክሊኒኩን ደረጃ ሲወርዱ፣ ድሮ ሥራ ያስለመዷትን ወጣት አማካሪ ድንገት አገኟት። ሰላምታዋን በግማሽ ልብ መለሱላት። ሠላሳ ዓመት ያማከረ ሰው የሆዱን በሆዱ መያዝ አያቅተውም፤ እሳቸውን ግን ያን ቀን አቃታቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል?»

ለማንም ያልተናገሩትን ነገሯት። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የዕለቱ ዘጠነኛ ባለጉዳይ የሆነችውን ሴት፣ ልጇን የቀበረች ሌላ ባለጉዳያቸው መስላቸው አጽናኗት። የዚችኛዋ ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር እንጂ አልሞተችም። ሴትየዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ደውለው ይቅርታ እንዳይጠይቁ እፍረት አንደበታቸውን ያዘው።

ወጣቷ ሐሙስ ሐሙስ በየከተማው ካሉ ስድስት የሙያ ባልደረቦቿ ጋር በስልክ ቪዲዮ እየተገናኙ በከበዳቸው ጉዳይ እንደሚመካከሩ ነግራቸው፣ እሳቸውም እንዲገቡ ለመነቻቸው።

«ሽበቴን ይዤ ልጆች ፊት ልናዘዝ? ደግሞስ የሰው ምስጢር በስልክ ይወራል?»

«የሰው ምስጢር አናወራም። ስም የለ፣ ሰፈር የለ፤ በር ተዘግቶ፣ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ተደርጎ ነው። የሚወራው የራሳችን ስሕተት ነው። እኔ ሰው ፊቴ እያለቀሰ ሰዓቴን ማየቴን ተናግሬያለሁ።»

«አላፈርሽም?»

«አፍሬያለሁ። ግን ብቻዬን ሳፍር ያንኑ እደግመው ነበር። እርስዎስ ‹በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም› እያሉ አይደል ያስተማሩን?»

የገዛ ምክር ወደ ራስ ሲመለስ ይመርራል።

ሐሙስ ገቡ። መጀመሪያ ላይ ከግንባራቸው በቀር ምንም አይታይም ነበር፤ ባለማወቅ ይሁን ሆን ብለው እሳቸው ያውቃሉ። ተናግረው ሲጨርሱ የሳቀ የለም። ከስድስቱ አንዷ የሆነች ጎልማሳ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ብቻ በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ ጠየቀቻቸው። «አሥር» አሏት። ከዚያ ሁሉም ተመካክረው ቁጥሩን ወደ ስድስት እንዲያወርዱ፣ ባለጉዳይ ከመግባቱ በፊት መዝገቡን እንዲያነቡ፣ ለሴትየዋም እንዲደውሉ ተስማሙ።

በማግስቱ ደወሉ። ሰበብ አልደረደሩም። ሴትየዋ እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና፣ «እኔ የማላውቀውን ያወቁ መስሎኝ እስከ ሆስፒታል ድረስ ሮጥኩ» አለች። ይቅርታ አደረገችላቸው፤ ተመልሳ ግን አልመጣችም።

ከዚያ ወዲህ የአንዱን ኀዘን ከሌላው አላምታቱም፤ ሲደክማቸውም ደከመኝ የሚሉበት ቦታ አግኝተዋል። ሐኪምም ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ሩቅ ከተማ ያለ ባልደረባ ደግሞ ዛሬ ከጎረቤት ይቀርባል።

አንድ ሐሙስ ስብሰባው ሲያልቅ ወጣቷን፣ «ምነው ዓምና በጠራሽኝ» አሏት።



«ዓምና ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር፣ ጋሼ።»