ጋሽ ቆጣቢና የጠበበው ጠርዝ

ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ነገር እንደ ልጁ ቢወድ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ሌላ ሰው እንዳይነካበት ዙሪያውን ማጠር ሲጀምር ነው። በአንድ ዝናባማ ቀን፣ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ አጥር ሲነቀነቅ ታየ።

ባለ አጥሩን ሰው ሠፈርተኛው «ጋሽ ቆጣቢ» ይላቸዋል። ገንዘብ ቋጣሪ ሆነው አይደለም፤ የሚቆጥቡት ኮድ፣ የፕሮግራም ጽሑፍ ነው። ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚከፈቱትን መስኮቶች የሚደረድር፣ የሚያንቀሳቅስ፣ የሚያሰፋና የሚዘጋ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈው፣ ለፈለገው ሁሉ በነጻ መስጠት ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ፕሮግራሙ ከሁለት ሺህ መስመር እንዳያልፍ ምለዋል። ሌላው «አበቃለት» ብሎ የጣለው ማሽን በእሳቸው ፕሮግራም ነፍስ ይዘራ ነበር። አንዲት መስመር ለመቀነስ ሳምንት ሙሉ ይለፋሉ፤ የቀነሷት ቀን ፊታቸው የሠርግ ቤት ይመስላል።

ያን ቀን ለአሮጌ ኮምፒውተራቸው ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ሊገዙ ገብተው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጥግ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። አንዲት ወጣት ሴት እየሮጠች ገባችና ላፕቶፗን ከጉያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በሙያ ትምህርት ቤት የልብስ ንድፍ የምታስተምር መምህርት ናት።

«ምን ሆነብሽ?» አላት ጠጋኙ።

«ማሽኑስ ደኅና ነው። በክፍሌ ያሉት አርባ አሮጌ ኮምፒውተሮች በዚህ የመስኮት ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። ፍጥነቱ እሰየው ነው። ግን የመስኮቱ ጠርዝ የፀጉር ያህል ቀጭን ነው። መስኮት ለማስፋት ማውሱን እዚያ ላይ ማሳረፍ፣ እየሄደ ባለ አውቶቡስ ውስጥ በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደ ማስገባት ነው። ተማሪዎቼ ግማሹን ክፍለ ጊዜ ጠርዝ ሲያባርሩ ያልቅባቸዋል። ዘዴ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ጠጋኙ ሳቁ አመለጠው። «እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? ባለቤቱ ይኸው ከኋላሽ ተቀምጠዋል!»

መምህርቷ ዞር ብላ ስታያቸው ደነገጠች። እጅ ነስታ፣ «በድፍረት ተናገርኩ፤ ይቅርታ ጋሼ» አለች።

«ምንም አይደል ልጄ» አሉ ጋሽ ቆጣቢ። «ጠርዙ የቀጠነው ሆን ተብሎ ነው። ስክሪን መሬት ነው፤ መሬት ለአጥር አይባክንም።»

«አጥሩ መቅጠኑን አልጠላሁም ጋሼ። በሩን አጣሁት እንጂ።»

«ዛሬ ጠርዙን አስፋ ይሉኛል፤ ነገ ጥላ ጨምርበት፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሲዘጋ እየተሽከረከረ ይጥፋ። እነዚያ ትልልቆቹ ፕሮግራሞች በአንድ ጀንበር የወፈሩ መሰለሽ? ‹ይቺን ብቻ› እየተባለ ነው የወፈሩት።»

በዚህ ነገር አልተሳሳቱም። እምቢ ማለት የማያውቅ ሠሪ ሥራውን ያበላሻል። መምህርቷም ይህን አልካደችም።

«እምቢ ማለትዎን አልነቅፍም። እምቢ ማለትና አለመስማት ግን ይለያያሉ። እስከ ዛሬ ስንት ሰው ለኮዱ ማሻሻያ ጽፎ ልኮልዎታል?»

«እንጃ። መቶ ሳይሞላ አይቀርም።»

«ስንቱን ተቀበሉ?»

ጋሽ ቆጣቢ ጣሪያውን አዩ። «ሦስት። አንዱ እንኳ የፊደል ስህተት ማረሚያ ነበር።»

«የአጠቃቀም መመሪያስ ለምን የለውም?»

«ኮዱን ያንብቡታ! ሁለት ሺህ መስመር ማንበብ ያቃተው ሰው ምን ሊሆን ኮምፒውተር ይነካል?»

«ዳቦ የሚገዛ ሁሉ እኮ ምድጃ ውስጥ አይገባም፣ ጋሼ።»

ጠጋኙ አቀርቅሮ መፍቻውን የሚፈልግ መሰለ። ሽማግሌው ግን ደማቸው ፈላ። «እኔ የሰጠሁት በነጻ ነው! በነጻ የሰጠ ሰው ይከሰሳል እንዴ?»

መምህርቷ ነገሩን ትናገረው ወይስ ትዋጠው እያመነታች መሆኗ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«እንደ ክስ አይውሰዱብኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ሠላሳ አንድ መስመር ማሻሻያ ልኮልዎት ነበር። ማውስ ሳይነኩ፣ በኪቦርዱ ቀስቶች ብቻ መስኮት ለማስፋትና ለማንቀሳቀስ የሚያስችል። ምን ብለው እንደ መለሱለት ያስታውሳሉ?»

ያስታውሳሉ። «ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ እጅህን አስለምድ» ብለው ነበር የጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱም በገዛ ቀልዳቸው ስቀዋል። ለጠጋኙም ነግረውት እሱም ስቆ ነበር።

«አባቴ ነው» አለች። «ተርጓሚ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል።»

ጋሽ ቆጣቢ በርጩማቸውን ወደ እሷ ሳቡ።

«ለምን አልነገረኝም?» አሉ።

«እርስዎ ለምን ፈለግኸው ብለው አልጠየቁትማ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ሌላ ፕሮግራም አይችልም። ስለዚህ የራሱን ማሻሻያ ለብቻው ገጥሞ ይሠራ ነበር። እርስዎ አዲስ እትም ባወጡ ቁጥር ግን ማሻሻያው አልገጥምም ይለዋል፤ እንደገና ይለፋል። ሦስት ጊዜ ታገለ። በአራተኛው ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ይተረጉመው የነበረው መጽሐፍ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሟል።»

ጋሽ ቆጣቢ ማራገቢያውን ረስተው ወጡ።

ቤታቸው ገብተው የድሮውን ኢሜይል ፈልገው አወጡት። ሠላሳ አንዱ መስመር የተጣራ፣ የእሳቸውን የአጻጻፍ ልማድ ሳይቀር ያከበረ ሥራ ነበር። ያኔ አላነበቡትም ነበር፤ ርዝመቱን ብቻ ነበር የቆጠሩት። አሁን ካለው እትም ጋር ለማዋሐድ አራት ቀን ፈጀባቸው። መሐላቸው በሃያ አራት መስመር ፈረሰ። ሰማይ ግን አልተደፋም።

ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷን አስከትለው ወደ ተርጓሚው ቤት ሄዱ። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት በተደረደረበት ክፍል፣ እጆቻቸውን ብርድ ልብስ ሥር ሸሽገው ተቀምጠዋል። ጋሽ ቆጣቢ አዲሱን እትም ጫኑና ኪቦርዱን አቀረቡላቸው። ተርጓሚው አንዱን ቁልፍ ሊጫኑ ሲሞክሩ ጣታቸው ሦስት ጊዜ ነካው። መስኮቱ ከሚፈለገው በላይ ሰፋ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሰፋ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ብርድ ልብሱ መለሱ።

«ሥራው ይሠራል» አሉ ፈገግ ብለው። «እኔ ነኝ ያረፈድኩት።»

«ያረፈድኩትስ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቆጣቢ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «ይቅር ይበሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

«ቀልድ መሆኑን ባውቅ አይከፋኝም ነበር። እኔ ግን ምክር መሰለኝ። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ማውስ ጨብጬ እጄን ሳለማምድ ነበር።»

መምህርቷ ፊቷን ወደ መጻሕፍቱ አዞረች።

«ለእኔ አይዘኑልኝ» ቀጠሉ ተርጓሚው። «እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ የደከመ፣ አንድ ክንድ ብቻ ያለው ስንት ሰው አለ። መቶ ሰው ጽፎልኛል ብለዋል አሉ። ሌሎቹ ምን እንደ ቸገራቸው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ይጠይቋቸው።»

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ የእኛ ብርቱ ግን ይህን ለማመን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ካመኑ በኋላ ግን ግማሽ ልብ አልሆኑም። ኮዱን የመለወጥ ሥልጣን ማሻሻያ ከላኩላቸው መካከል ለሁለት ሰዎች አካፈሉ። መምህርቷ ተማሪ ሁሉ በሚገባው ቋንቋ የአሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ ጻፈች። ማሻሻያ የሚልክ ሰው የቸገረውን ነገር አብሮ እንዲጽፍ፣ እምቢ የሚባልም ምክንያቱ እንዲነገረው ደንብ ወጣ። ጥላና መሽከርከር የጠየቁት አሁንም እምቢ ተባሉ፤ ምክንያቱ ግን በጨዋ ቃል ተጻፈላቸው። ፕሮግራሙ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ መስመር ደረሰ፤ ያም ሆኖ በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ እንደ ወትሮው ፈጥኖ ይነሣል። በሙያ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ መስኮቱን በኪቦርዱ ቀስቶች እያሰፉ ንድፋቸውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሱ ጀመር። የተርጓሚው ስም በፕሮግራሙ ሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከጋሽ ቆጣቢ ስም ቀጥሎ ገባ። ሰባተኛው ምዕራፍ ግን እንደ ቆመ ነው።

ጋሽ ቆጣቢ ለጻፉላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ለመቶ አራቱም፣ በየስማቸው የይቅርታና የጥያቄ ደብዳቤ ላኩ። ከሁለት ወር በኋላ መምህርቷ ቤታቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ ዝርዝሩን ከፍተው አሳዩዋት።

«ስድሳ ሁለቱ አልመለሱልኝም» አሉ። «አድራሻቸውን ቀይረው ይሁን፣ ተቀይመው ይሁን፣ ወይ እንደ አባትሽ ሆነው ይሁን፣ አላውቅም። ዘገየሁ ልጄ።»

መምህርቷ ልታጽናናቸው ብላ አልዋሸችም።

«ዘግይተዋል ጋሼ» አለች፤ ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች። «አርባ ሁለቱ ግን መልሰዋል። ከማን እንጀምር?»