መቀመጥ የተከለከለበት በርጩማ

በእኛ ጊዜ መቀመጥ ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ ከስፌት ቤቴ ደጃፍ በርጩማዬን አወጣለሁ፣ ጓደኛዬ ታደሰም የራሱን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ እና ፊት ለፊት ተቀምጠን እስኪመሽ እንጫወታለን። ታደሰ ጆሮው ደክሟል፤ ግን ከንፈሬን እያየ አንዲት ቃል አታመልጠውም።

ታዲያ "መሀል ከተማው ሰው ይኑርበት፣ ይድመቅ!" ተባለና ሰፈሩ ፈረሰ፣ ፎቅ ተሠራ፣ አደባባይ ተነጠፈ። እሰየው! እኔ ምድር ላይ ሱቅ አገኘሁ፣ ታደሰ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወርደው ለእኔ ጨዋታ ብሎ ነው፣ ልብ በሉልኝ።

እና በርጩማችንን ይዘን አደባባዩ ላይ ቁጭ ብንል ዘበኛው እየሮጠ መጣ። "ማሎ አባኮ፣ እባካችሁ አባቶቼ! በርጩማ ክልክል ነው፣ ውበት ያበላሻል። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ለእናንተ እኮ ነው የተሠራው!"

ተቀመጥን። ጎን ለጎን! ሁለታችንም ፏፏቴውን እያየን፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ያን ቀን ከባለቤቴ ተጋጭቼ ነበርና ቀስ ብዬ ላማክረው ስል፣ "እህ?" ይላል። ጮክ አልኩ። "እህ?" ታዲያ "ኸዲጃ አኩርፋኛለች፣ ምን ላድርግ?" ብዬ ብጮህ፣ ወላሂ፣ ታደሰ ሳይሰማ አደባባዩ በሙሉ ሰማ! ከወዲያኛው አግዳሚ አንዷ "አባባ፣ እርስዎ ቀድመው ይቅርታ ይበሏት እንጂ!" ትላለች፤ ሎተሪ አዟሪው "ሽቶ ይግዙላት!" ይላል፤ ዘበኛው ራሱ "ቆይ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ የማን ነው?" ብሎ አጠገቤ ቁጭ አይልም! ሽምግልና ተጀመረላችሁ።

ታደሰ ግን ተነሳ። "ኢብራሂም፣ እኔ ከእንግዲህ አልወርድም" አለኝ። "ዝም ማለቱን እዚያው ፎቄ ላይ ዝም እላለሁ።" በጣም ከፋኝ።

በማግስቱ አደባባዩን ወዳሠራው ኃላፊ ሄድኩ። "ልጄ፣ እኛ ጅማዎች በርጩማ ላይ ነው ያደግነው፤ በርጩማችንን መልሱልን" አልኩት። ልጁ እንባ አቀረረ። "አባባ፣ ባህላችንን አስታወሱን!" ብሎ እጄን ሳመ።

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አደባባዩ መሀል የሲሚንቶ በርጩማ አቆሙ! ባለ ሦስት እግር፣ ከሱቄ ጣራ የሚበልጥ! አንዱ እግር ላይ "አብሮ የመቀመጥ ባህላችን መታሰቢያ" ይላል፣ ሌላው እግር ላይ "መቀመጥ ክልክል ነው" ይላል። ኧረ ማን ሊቀመጥበት? በመሰላል?

ታደሰ ይህን ጉድ በመስኮት አይቶ ወረደ። ዞረን ዞረን አየነውና ከሥሩ ገባን። ጥላ አለው፣ እና እግሮቹ የቆሙበት ሲሚንቶ ከፍ ከፍ ያለ ነው፤ አንዱ ላይ እሱ፣ አንዱ ላይ እኔ፣ ፊት ለፊት!

ዘበኛው ሮጦ ደረሰ። ጽሑፉን አየ፣ እኛን አየ፣ ሽቅብ አየ። "አባኮ፣ መቀመጥ ክልክል ነው የሚለው..."

"ላዩ ላይ ነዋ!" አለ ታደሰ፣ የዘበኛውን ከንፈር እያየ። "ላዩ ላይ ማን ተቀመጠ?"

ዘበኛው ራሱን አከከ፣ አከከ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ሦስተኛው እግር ሥር ቁጭ አለ። "ለመሆኑ እማማ ኸዲጃ ታረቁዎት?" አይለኝም! ኪ ኪ ኪ!

እኔም በሹክሹክታ ነገርኩት። ታደሰ ሁሉንም ሰማ።