ከሊቢያ ቀጥሎ ማን አለ?

ጋሽ ዜማ ጠመኔ ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ባይገቡ ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር ባልተነሳ ነበር። ጋሽ ዜማ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። የአፍሪካን አገሮችና ዋና ከተሞች ለሰባተኛ ክፍል የሚያስተምሩት በዜማ ስለሆነ ጩኸቱ ከመንገድ ማዶ ያለው ጎማ ቤት ድረስ ይሰማል። ጎሚስታው ራሱ ሳይታወቀው «ጋና አክራ» እያለ ጎማ ይነፋል ይባላል።

ጊዜው የምሳ ሰዓት ነበር። በሩን ገፋ ሲያደርጉ ወጣቷ መምህርት መሬት ላይ ተንበርክካ፣ ትልቁን የአፍሪካ ካርታ ዘርግታ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ አገኟት። ልጅቷ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ሰባተኛ ክፍል እሳቸው ያስተማሯት ናት።

«ምነው ልጄ! ማን አውጪው አለሽ?»

«እንደምን ዋሉ ጋሼ። ክፍል ውስጥ ልሰቅለው አስቤ ነው። ላስፈቅድዎት ስፈልግዎት ነበር።»

«ልታስፈቅጂኝ ፈልገሽ ነው ጠርገሽ የጨረስሽው? ይሄን ካርታ እኮ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄ ያቆየሁት ነው። ለእነዚያ ቀበጦች ከሰጠሽው በጣታቸው ፈትገው ይጨርሱታል።»

«ይፈትጉት እንጂ ጋሼ! እኔ ራሴ እርስዎ ዘንድ ስማር አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።»

«ታዲያ ምን ጎደለብሽ? ሃምሳ አራቱንም እንደ ውሃ ጠጥተሻቸው አልነበር?»

«ጠጥቻቸው ነበር። ኮሌጅ ስገባ ግን ባዶ ካርታ ሰጥተው ሙሉ አሉን። እኔም ኮሞሮስን ከቻድ አጠገብ ቁጭ አደረግኋት። ለካ ባሕር መሃል ያለች ደሴት ናት! ክፍሉ በሳቅ ሊሞት። ለምን እዚያ አስቀመጥሻት ሲሉኝ ምን ልበል? በዜማው ጎረቤት ናቸዋ!»

እውነቷን ነው። ዜማው የተደረደረው በፈረንጅ ፊደል ተራ ነው። ሁለት አገሮች ጎን ለጎን የቆሙት ስማቸው ስለተቀራረበ ነው፤ ድንበራቸው ይገናኝ አይገናኝ ዜማው ምንም አያውቅም። ይህን ለልጆቹ የነገራቸው ሰው የለም። ጋሽ ዜማም ቢሆኑ ነገሩን አስበውት አያውቁም፤ ሲሳካለት የኖረን ነገር ማን ቆም ብሎ ያስበዋል?

«ስሚኝ ልጄ፤» አሉ ጋሽ ዜማ፣ «ፈተና ላይ የሚመጣው የእገሌ ዋና ከተማ ማን ትባላለች የሚለው ነው። የኔ ልጆች ደግሞ አንድም አይስቱ። የኔው ልጅ አብሮሽ ተምሮ የለም? እንደሱ አንድ ሳይገድፍ የሚወጣው ነበር?»

የኔው ልጅ ሲሉ ድምፃቸው ሰለል አለ። የመጨረሻ ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ አጥቶ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰንብቶ፣ አንድ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር በየብስ ከአገር ወጥቶ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው የማያወጡት ለዚህ ነው።

«አልደወለም እንዴ ጋሼ?» አለች ወጣቷ ረጋ ብላ።

«አልደወለም።»

ክርክሩም እዚያው በቆመ ነበር፤ ግን ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ የማያውቁት። አንስተው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አባዬ! እኔ ነኝ! የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ ልናገር። ሊቢያ ገብተናል።»

«ልጄ! ደህና ነህ? እህል በልተሃል?»

«ደህና ነኝ። ስማኝ አባዬ፣ ሁለት መኪና ቆሟል። አንዱ ቱኒዚያ ይላል። የሌላው ደላላ ደግሞ ማዳጋስካር ሥራ ሞልቷል፣ ነገ ትደርሳላችሁ ይለናል። የትኛው ነው የሚቀርበው? ማዳጋስካር ነው ቀጥሎ ያለው፣ አይደል? ቶሎ በለኝ፣ ሰዉ እየተሳፈረ ነው!»

ጋሽ ዜማ ለማሰብ ጊዜ አላገኙም። ምላሳቸው የለመደውን ይዞ ሮጠ።

«ሊቢያ ትሪፖሊ፣ ማዳጋስካር አንታናናሪቮ... አዎ ልጄ፣ ቀጥሎ ነው! ቱኒዚያማ ወደ መጨረሻው ናት፣ ከቶጎ በኋላ። ሩቅ ናት።»

«ጋሼ! ምን ነካዎት!» ወጣቷ ከመሬት ብድግ አለች። «ደሴት ናት! በመኪና አይኬድባትም! አትሳፈር ይበሉት!»

«እሺ አባዬ፣ በቃ እሱን እይዛለሁ፤ እማዬን ሳምልኝ» አለና ልጁ ዘጋው።

«አትሳፈር! ልጄ፣ አትሳፈር!» ጋሽ ዜማ በተዘጋው ስልክ ጮሁ።

መልሰው ደወሉ፤ አይነሳም። ደግመው ደወሉ። አንድ ሰው አንስቶ በማያውቁት ቋንቋ ሁለት ቃል ተናግሮ ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ጭራሽ አልጠራም።

«ልጁ የት ነው ያለው? አሳዪኝ» አሏት።

መምህርቷ እጃቸውን ይዛ ካርታው ላይ አንበረከከቻቸው። ሊቢያን አሳየቻቸው። ቱኒዚያ እዚያው ጥግ ላይ ከሊቢያ ጋር ተጣብቃለች፤ ከጥፍር የማትበልጥ አገር። ማዳጋስካርን ግን ሲፈልጉ ሲፈልጉ ከአህጉሩ ወርደው ባሕር ገቡ።

«ታዲያ መኪናው ወዴት ነው የሚወስደው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

«አስተማሪው አባቱ ነው፤ የሚያምነው እኔን ነው። በገዛ አፌ አሳፈርኩት!» አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ጋሼ፣ ምናልባት እኮ...»

«ተይ ልጄ፣ አታጽናኚኝ። አንቺስ ኮሌጅ ገብተሽ ተሳቀብሽና ተማርሽ። ሌሎቹን ማን ይስቅባቸው? ስንቱን ነው ስም አሸክሜ መንገድ የሰደድኩት?»

ወደ ቤት ይሂዱ ብትላቸው እምቢ አሉ። ሚስታቸውን በምን ዓይናቸው ይዩ? የክፍል መግቢያው ደወል ሲደወል ካርታውን ራሳቸው ተሸክመው ሰባተኛ ክፍል ገቡ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ተነስተው «አልጄሪያ አልጀርስ!» ብለው ሲጀምሩ «በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ዜማ የለም» አሏቸው። ተከትላቸው የገባችው መምህርት ካርታውን ሰሌዳው ላይ ሰቀለችው።

«መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይመጣም ይሆናል፤» አሉ ጋሽ ዜማ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። «ግን አንድ ቀን ወንድምህ ከመንገድ ደውሎ የቱ ይቀርባል ይልሃል። ያን ቀን ዋና ከተማ አይጠይቅህም። አገሩ የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ መካከሉ በረሃ ይሁን ባሕር ካወቅህ፣ ውሸታም ደላላ ሲያታልለው ታስጥለዋለህ። ራስህም ብትሆን ማንም እንደ ዕቃ ጭኖ አይወስድህም። ነጋዴ ብትሆን ዕቃህን የምትልክበትን መንገድ፣ ጋዜጣ ብታነብ የተወራለት አገር የማን ጎረቤት እንደሆነ ታውቃለህ። ስሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አሁን ኑ፣ አንድ በአንድ እየወጣችሁ በጣታችሁ ከሊቢያ ቱኒዚያ ሂዱልኝ።»

ፊት የተቀመጠች ልጅ ወጥታ ጣቷን አኖረች፤ ገና ከመነሳቷ ደረሰች።

«ይኸው! ጎረቤት ናት እኮ መምህር! ይሄማ ቀላል ነው!» ብላ ሳቀች። ክፍሉም አብሯት ሳቀ።

«አዎ፣ ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ዜማ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ቀጥሎ ያለውም መጥቶ አሳያቸው፤ ከዚያም የሚቀጥለው። አንዳቸውም አልሳቱም።