ቀድሞ የተቀበረ አጥንት

ሬዲዮው የተበላሸ ታክሲ እወዳለሁ፤ የሰው ጨዋታ ይሰማል። ከጎንደር ፒያሳ ወደ ወለቃ ስንሄድ ከፊቴ አንድ ከመካነ ብርሃን ለሕክምና የመጡ ገበሬ ሽማግሌና አንዲት የጎንደር ነጋዴ፣ ሙስሊም ሴት ተቀምጠዋል። የተዋወቁት እዚያው ነው።

«የትከሻህ አጥንት ደም አጥቶ ሞቷል አሉኝ ሐኪሞቹ። እኔ ሳልሞት!»

«የኔም ሞቶ ነበር፣ አያ። በብረት አስተካሁት።»

«ሸጋ ሆነልሽ ታዲያ?»

«ይኸው፣ እጄ እስከ ራሴ ይነሳል። ለአንቱ ምን አሉ?»

«ወይ የክንድህን አጥንት ጫፍ ብቻ እንለውጥ፣ ወይ የሚገባበትን ጎድጓዳም እንጨምር አሉኝ። የቱ ይሻላል?»

«እኔ ጫፉን ብቻ ነው ያስለወጥሁ። ቀለል ይላል፤ ግን ጎድጓዳው ውሎ አድሮ ከተበላ እንደገና መከፈት አለ። ሁለቱም ቢለወጥ ሕመሙ የበለጠ ይተዋል ይላሉ። ብቻ ከሰውነት ብዙ ይወጣል።»

«ቢወጣስ? የሞተ አይደል?»

«እኛ ዘንድ ከሰው የወጣ አጥንት ይቀበራል። የኔን በነጭ ጨርቅ ተቀብዬ ከአባቴ መቃብር ጎን ቀበርሁት፤ እዚሁ ከወለቃ ማዶ።»

«ደግ አደረግሽ።»

«እንጃ። ብረቱ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም። ዝናብ ሲመጣ የሚቀዘቅዘኝ ያኛው ነው።»

«ያኛው የቱ?»

«የተቀበረው።»

«በስመ አብ!»

«አሁንም እየረጠበ ነው፣ አያ።»

«ምነው እህቴ፣ በዚህ ፀሐይ?»

«ያንቱን ከደረቅ ቦታ ያስቀብሩት።»

ከወለቃ በኩል የመጣ ሚኒባስ ከጣራው ውሃ እያንጠባጠበ ሲያልፈን፣ ሳላስበው የገዛ ትከሻዬን ጨብጬ ነበር።